ሳን ሁዋን ከእናትና ከልጆች ጋር፦ ከየትኛው ምሽግ ትጀምሩ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ከሜሪላንድ ወደ ሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ ልትሄዱ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት እናትሽም አብረዋችሁ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባሕሩ አንድ ቀን ይበቃናል፣ ታሪካዊ ቦታዎቹን ነው ማየት የምንፈልገው፤ ከየት እንጀምር፣ ለእናቴስ የወረቀት ችግር ይኖር ይሆን ብለሻል። ሰዉ ሁሉ «ኤል ሞሮ እንዳያመልጣችሁ» እያለ አልፏል። እኔም እናቴን ይዤ ስለሄድኩ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

የወረቀቱን ነገር ቶሎ እንገላገለው። ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች በረራው የአገር ውስጥ ነው። ለእናንተ ሪል አይዲ (ለበረራ የሚያገለግለው የስቴት መታወቂያ) ወይም ፓስፖርት ይበቃል፣ ግሪን ካርድ ያለው ግሪን ካርዱን ይያዝ። እናትሽ በጎብኚ ቪዛ ከሆነ የመጡት የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን ይያዙ፣ አይ-94 የሚባለውን የመግቢያ መዝገባቸውንም ፕሪንት አድርጊላቸው። ከአሜሪካ እንደወጡ አይቆጠርም። ግን እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ርካሽ ክሩዝ አገኘን ብላችሁ እንዳትሳፈሩ። መርከቦቹ የሌላ አገር ደሴቶች ላይ ይቆማሉ፤ የእናትሽ ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ መመለሱ ጣጣ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ደግሞ ትኬት ሳይቆርጥ ጠበቃውን ያናግር። በረራው የአገር ውስጥ ቢሆንም ሳን ሁዋን ኤርፖርት ላይ የኢሚግሬሽን ሰዎች መንገደኛን ሊጠይቁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔን ከጠየቅሽኝ ከኤል ሞሮ አትጀምሩ።

አሮጌው ሳን ሁዋን በእግር የሚዳረስ ሰፈር ነው፣ ትንሽ ደሴት ላይ የተቀመጠ። በምዕራብ ጫፉ ኤል ሞሮ የወደቡን አፍ ይጠብቃል። በምሥራቅ በኩል ሳን ክሪስቶባል በየብስ የሚመጣውን ይጠብቃል። ሁለቱን ምሽጎች የሚለያያቸው አንድ ማይል ገደማ ነው። አንድ ከተማ ለምን ሁለት ግዙፍ ምሽግ እንዳስፈለገው ሳይገባሽ ከገባሽ፣ አንዱን አይተሽ ሁለተኛው ላይ «ይሄማ ያው ነው» ትያለሽ። ልጆቹማ ከአንቺ ቀድመው ይሰለቻሉ። ታሪኩን ካወቅሽ ግን እያንዳንዱ ግንብ ለየትኛው ጠላት የተሰጠ መልስ እንደሆነ ይታይሻል። ስለዚህ እሱን ባጭሩ ላውራሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ስፔኖች ከተማዋን አሁን ያለችበት ቦታ ያደላደሏት በ1521 ነው። ከስፔን ለሚመጣ መርከብ እዚህ አካባቢ ከሚያገኛቸው ጥሩ ወደቦች የመጀመሪያው ይሄ ነበር። በ1533 ላ ፎርታሌዛ የሚባለውን የመጀመሪያ ምሽግ መሥራት ጀመሩ። ቦታው ግን ወደቡ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ጠላትን የሚያየው በር ላይ ሲደርስ ሳይሆን ግቢ ከገባ በኋላ ሆነ። ስለዚህ በ1539 ወደቡ አፍ ላይ ኤል ሞሮን ጀመሩ። ያኔ እኛ ጋ አፄ ልብነ ድንግል ከተራራ ተራራ እየተሳደዱ ነበር።

በ1595 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ 27 መርከብ ይዞ መጣ። ወርቅና ብር የጫነ አንድ የስፔን መርከብ ተበላሽቶ፣ ጭነቱ ላ ፎርታሌዛ ውስጥ መቀመጡን ሰምቶ ነው። የምሽጎቹ መድፎች ተቀበሉት። አንዷ የመድፍ ጥይት የመርከቡ ክፍል ውስጥ ገብታ የተቀመጠበትን መቀመጫ ከሥሩ ወሰደችበት ይባላል። ባዶ እጁን ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የከምበርላንዱ ኧርል የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ከድሬክ ተምሮ መጣ። በባሕሩ አፍ በኩል አልሞከረም። በምሥራቅ ወርዶ፣ በእግር መጥቶ፣ ኤል ሞሮን ከጀርባው ከበበና ያዘው። ያስወጣው የስፔን ጦር እንዳይመስልሽ፤ ተቅማጥ ነው። ወታደሮቹ እንደ ቅጠል ሲረግፉበት ጥሎ ሄደ። በ1625 ደግሞ ሆላንዶች መጡ። እነሱ ኤል ሞሮን መያዝ አልቻሉም፣ ከተማዋን ግን አቃጥለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነው ስፔኖች ከተማዋን በግንብ ያጠሩትና በየብሱ በኩል ሳን ክሪስቶባልን የጀመሩት። ዓመቱ 1634 ነው፤ ፋሲል ጎንደርን ሊቆረቁሩ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው። አሁን የምታዩትን ግዝፈት ያገኘው ግን በኋላ ነው። በ1762 እንግሊዞች ሃቫናን ሲይዙ የስፔን ንጉሥ ደነገጠ። የሚገርመው ሳን ሁዋንን እንዲያጠናክሩለት የተላኩት ሰዎች የስፔን ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ አይሪሾች ነበሩ፣ ኦራይሊና ኦዳሊ የሚባሉ። ገንዘቡ የመጣው ከሜክሲኮ ብር ነው። ድንጋዩን የተሸከሙት ደግሞ ባሪያዎችና እስረኞች ናቸው። በ1797 እንግሊዞች ከ60 በላይ መርከብ አሰልፈው ሲመጡ ምሽጉ ጠበቃቸው። ሁለት ሳምንት ሞክረው ሄዱ።

ስለዚህ ጠዋት በሳን ክሪስቶባል ጀምሩ። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ በጊዜ። ከመግቢያው እስከ ዋናው አደባባይ ትንሽ አቀበት አለው፣ እናትሽ ቀስ ብለው ይወጡታል። አደባባዩ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ቅስት ቅስት ባለው በረንዳ ሥር ጥላ አለ። እሳቸው እዚያ ይረፉ፣ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ዙሪ። ቁጭ ያሉበት አደባባይ ሥር አምስት ትልልቅ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉ። ምሽጉ ምንጭ ስለሌለው ከሰማይ የሚመጣውን ነበር የሚጠጡት። ይሄን ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ በውሃ ወረፋ የኖረ ሰው ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚያ ወደ ዋሻው ውረዱ። ጉዳይሽ ልጆቹን ማስደነቅ ከሆነ ያለው እዚህ ነው። እስር ቤት የነበረች ጨለማ ክፍል አለች። ግድግዳዋ ላይ አንድ እስረኛ የሳላቸው የድሮ መርከቦች አሉ። ሸራቸው፣ ገመዳቸው፣ ምሰሷቸው ሁሉ አንድ በአንድ ተስሏል። መርከብን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሥዕሉ በመከለያ የተጠበቀ ስለሆነ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ፣ አይታችሁ እንዳትቸኩሉ። የኔ ልጅ ሙሉ ምሽጉን ረስቶ እስካሁን የሚያወራው ስለነዚያ መርከቦች ነው።

ላይኛው ፎቅ ስትወጡ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ሳን ክሪስቶባል አንድ ግንብ አይደለም፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ከፍ እያለ የተደረደረ ብዙ ምሽግ ነው። ጠላት የፊተኛውን ቢይዝ እንኳ ከኋላው ካለው በቁልቁል ይመታል። የከምበርላንዱን ሰውዬ አስታውሺ። ይሄ ሁሉ እሱ ለመጣበት መንገድ የተሰጠ መልስ ነው። ባሕሩ ዳር ብቻዋን የቆመች ክብ የጠባቂ ጎጆ ታያላችሁ፤ እነሱ ጋሪታ ይሏታል። የከተማዋ ምልክት ናት፣ ፎቶ እዚያ ይመጣል። «የሰይጣን ጋሪታ» የምትባለውም እሷ ናት። ሌሊት ይጠብቁ የነበሩ ወታደሮች ጠፉባት የሚል ተረት አላት፤ ልጆቹ ማታ እንዲተኙ ከፈለግሽ አታውሪላቸው።

ሦስት ባንዲራ አብሮ ሲውለበለብ ታያላችሁ። የአሜሪካና የፖርቶ ሪኮ ሁለቱ ይታወቃሉ። ነጭ ላይ ቀይ ኤክስ ያለበት የድሮው የስፔን ጦር ባንዲራ ነው። በ1898 አሜሪካኖች ከባሕር ደብድበዋት፣ በዚያው ዓመት በፓሪስ ውል ደሴቷ ወደ አሜሪካ ዞረች። ጦሩ ምሽጎቹን እስከ 1961 ይዟቸው ነበር። በየምሽጉ አናት ላይ የማይገናኝ ግራጫ ኮንክሪት ካያችሁ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራ ነው። የደሴቷ ሰዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፣ እዚያ እየኖሩ ግን ለፕሬዚዳንት አይመርጡም። ስለዚህ ነገር ታክሲ ውስጥ ከጠየቅሽ መንገዱ እስኪያልቅ ወሬ ታገኛለሽ።

መግቢያው ለአዋቂ 10 ዶላር ነው፣ አንዱ ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁለቱም ምሽግ ይሠራል። እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ። የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ ካላችሁ እሱም ይሠራል። ሁለቱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋሉ፣ «ማታ ቀዝቀዝ ሲል እንገባለን» እንዳትሉ።

ኤል ሞሮን በሌላ ቀን አድርጉት። ሁለቱን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል፣ ከእናትሽ ጋር ግን አላደርገውም። ከመንገዱ እስከ ምሽጉ በር ድረስ አንድ ዛፍ የሌለበት ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። መኪና አይገባበትም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ፀሐዩ ግን ምሕረት የለውም። ጃንጥላ ይዘው ይሂዱ፤ የኛ እናቶች ያለ ጃንጥላ ድሮም አይወጡም፣ ነጠላቸውንም ያጥፉ። ሜዳው ዝም ብሎ ባዶ የሆነ አይደለም። የሚመጣው ጠላት የሚደበቅበት እንዳያገኝ ተብሎ ነው ባዶ የቀረው። ዛሬ ቤተሰቡ ሁሉ ካይት፣ በክር ይዘው ነፋስ ላይ የሚለቁትን መጫወቻ፣ ያበርበታል። ለልጆቹ አንድ ካይት ግዢላቸው፣ ነፋሱ ራሱ ይወስድላቸዋል።

ኤል ሞሮ ስድስት ደርብ ነው፣ ከላይ ገብተሽ ወደ ታች ወደ ባሕሩ ነው የምትወርጂው። እናትሽ የመግቢያው ደርብ ላይ ይቅሩ። አደባባዩም፣ የባሕሩ ነፋስም፣ የወደቡ አፍም ከዚያው ይታያል። የታችኞቹ ደርቦች ደረጃና ቁልቁለት ናቸው፣ ለጉልበት አይሆኑም። ግንቡ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ የሚሞቁ ትልልቅ አረንጓዴ እንሽላሊቶች አሉ። ኢጉዋና ይሏቸዋል፣ ሰው አይነኩም። እናቴ ግን እስክንወጣ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችባቸውም። ከሜዳው ወደ ቀኝ ስትመለከቱ ከግንቡ ውጭ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ ነጫጭ ሐውልት የሞላበት መካነ መቃብር አለ። ከላይ ሆናችሁ ማየት ይበቃል።

እናትሽን ከሁሉ በላይ የሚያስደስታቸው ግን ምሽጎቹ አይመስሉኝም። አመሻሽ ላይ ፓሴዮ ዴ ላ ፕሪንሴሳ በሚባለው መንገድ ይዘሻቸው ሂጂ። ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለው፣ መቀመጫ አለው። መንገዱ በግንቡ ሥር በባሕሩ ዳር ይዞ ወደ ሳን ሁዋን በር ያደርሳችኋል። ድሮ ከስፔን የሚመጣ ጳጳስ ወይም ገዢ ከመርከብ ወርዶ ወደ ከተማዋ የሚገባው በዚህ በር ነበር። ቀይ ትልቅ የእንጨት በር ነው። በላዩ በላቲን ተጽፎበታል፤ ጽሑፉ ሆሣዕና የምንለው «ቡሩክ ዘይመጽእ በስመ እግዚአብሔር» ነው። ለእናቴ ስነግራት አማተበችና በሩን ቆማ ሳመችው። ቱሪስቱ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ያየናል። እንግዶቹ በሩን አልፈው በቀጥታ ዳገቷን ወጥተው ካቴድራሉ ውስጥ ምስጋና ያደርሱ ነበር። እናንተም በዚያው ውጡ፣ መንገዷ አጭር ናት። የደሴቷ የመጀመሪያ ገዢ የፖንሴ ዴ ሌዮን የእብነ በረድ መቃብር ያለው እዚያ ካቴድራል ውስጥ ነው።

አሁን አስጎብኚዎቹ ቶሎ ወደሚያልፉት ነገር ልምጣ። የመርከብ ቱሪስት ይዞ የሚሮጥ አንድ አስጎብኚ ሰምቼ ነበር፣ ስለ ድሬክ ግማሽ ሰዓት አውርቶ ስለ ጥቁሮቹ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ደግሞ ልጆቼ እሱን እንዲያውቁ ነበር የምፈልገው። ሳን ሆሴ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። በ1532 የተጀመረ ነው፣ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ ታድሶ በ2021 ተከፈተ። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩት፣ ቅስቱ ያፈዛል። እዚያ የተቀበረው ሆሴ ካምፔቼ የሚባል ሠዓሊ ነው፣ በ1751 ተወልዶ በ1809 የሞተ። አባቱ ባሪያ ነበር፣ በእጁ ሥራ ባገኘው ገንዘብ ራሱን ነፃ ያወጣ። ልጁ የደሴቷ ስመ ጥር ሠዓሊ ሆነ፤ ገዢዎቹና ጳጳሶቹ መልካቸውን የሚያስሥሉት እሱ ጋ ነበር።

ከዚያ ወደ ካዬ ሉና ውረዱ። ይሄ መንገድ ላይ ራፋኤል ኮርዴሮ የሚባል ጥቁር መምህር ቤት ነበረው። በ1790 ተወልዶ በ1868 ነው የሞተው። ኑሮውን የሚገፋው ጫማ እየሠራ፣ ትምባሆ እየጠቀለለ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን የነጩንም የጥቁሩንም፣ የሀብታሙንም የድሃውንም ልጅ አንድ ላይ አስቀምጦ በነፃ ያስተምር ነበር፣ ባርነት ገና ሳይቀር። እህቱ ሴለስቲናም አስተማሪ ነበረች። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ ባርነት እንዲቀር ከታገሉት ውስጥ ናቸው። ደሴቷ ላይ ባርነት የቀረው በ1873 ነው። ፖፕ ፍራንሲስ በ2013 ለቅድስና ከሚያበቁት ደረጃዎች አንዱን ሰጥተውታል። ቤቱ ከውጭ ሲታይ ተራ ቤት ነው፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። እኔ ግን ሳን ሁዋን ውስጥ ልጆቼን ያቆምኩበት ዋና ቦታ እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከ1664 ጀምሮ ከሌሎች አገሮች ደሴቶች አምልጦ የመጣ ባሪያ፣ ከተጠመቀና ለስፔን ንጉሥ ታማኝነቱን ካረጋገጠ፣ እዚህ ነፃ ይባል ነበር። ከከተማው ወጣ ብለው ካንግሬሆስ የሚባል ሰፈር መሠረቱ፣ የዛሬው ሳንቱርሴ። እንግሊዞች በ1797 ሲመጡ ከተዋጓቸው ውስጥ የእነሱ ልጆች ነበሩበት። ምናልባት ሆቴላችሁ ራሱ እዚያ ሰፈር ይሆናል።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ላ ፎርታሌዛ ዛሬም የገዢው መኖሪያ ነው፣ ከውጭ አይታችሁ እለፉ። የእርግቦቹ መናፈሻ ልጆች ይወዱታል፣ እኔ አልወደድኩትም። ሰማያዊ የሚመስሉት የመንገድ ጡቦች ከብረት ማቅለጫ ዝቃጭ የተሠሩ ናቸው፣ ያምራሉ፣ ዝናብ ሲነካቸው ግን ሳሙና ናቸው። ለእናትሽ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ ግዢላቸው። መኪና ተከራይታችሁ አሮጌው ከተማ ውስጥ አትግቡ፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ቀኑን ይበላዋል። ኡበር ይሠራል፣ ምሽጉ አጠገብ ያወርዳችኋል። ወደብ ላይ ትልልቅ መርከብ የቆመ ቀን መንገዱ ሰው በሰው ነው። ያን ቀን ለባሕሩ አድርጉት።

ምግብ ላይ ተጠንቀቁ። ሞፎንጎ ይሉታል፣ ያልበሰለ ሙዝ መሰል ፕላንቴይን ጠብሰው በነጭ ሽንኩርት የሚወቅጡት። ይጣፍጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ይገባበታል። ባቄላቸውም ውስጥ ሃም አይጠፋም። «ሲን ሰርዶ» በሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። ጾም ከሆነ ጠፍጠፍ ተደርጎ የተጠበሰ ፕላንቴይን፣ ነጭ ሩዝና አቮካዶ የትም አይጠፋም። በምን ዘይት እንደሚጠብሱት ግን ጠይቁ፣ የአሳማ ስብ የሚጠቀሙ አሉ። ቡናቸው የተራራ ቡና ነው፣ ጥሩ ነው። እናቴ ቀምሳ «ደህና ነው» አለች፣ ከእሷ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስትመለሱ ኤርፖርት ላይ ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ቼክ ኢን ከማድረጋችሁ በፊት ሻንጣችሁ በግብርና መሥሪያ ቤቱ ማሽን ያልፋል፣ ሰልፉ አንዳንዴ ረጅም ነው። እናትሽ ገበያ አይተው ማንጎ ወይም ችግኝ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱ። የተቆላ ቡና ግን የፈለጋችሁትን ያህል ያልፋል።